የጌታ ዝገት አወዳደቅ

«ተነሣ! ተነሣ እንጂ አንተ ጥጋበኛ! ሰው ስትነርት ጎበዝ አልነበርክ?»

ድምፁ ከአማቱ ክፍል ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ ኃያሲው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ካልሲ እያጠለቀ ነበር። የተሰደበው እሱ መሆኑን ለማመን ጊዜ አልፈጀበትም። አርፍዶ ተነሥቷል፤ ጥጋበኛ መባልን ለምዶታል፤ ሰው መነረት ደግሞ መተዳደሪያው ነው። የገረመው ሌላ ነገር ነበር። ከአማቱ ጋር ከተኳረፉ ወዲህ በዚህ ቤት ሰላምታ እንኳ የሚደርሰው በሚስቱ በኩል ዞሮ ነው። «ጨው ያቀብለኝ በይው»፣ «ጨዉ እጃቸው ሥር ነው በያቸው» እየተባባሉ፣ ለሁለት ሰው በምትጠብ ጠረጴዛ ዙሪያ ለሦስት ሲበሉ ከርመዋል። ስለዚህ ያለ አስተርጓሚ በቀጥታ የተላከ ስድብ እንደ እርቅ ዋዜማ ሊቆጠር ይችላል። በአንድ ካልሲ ሄዶ በሩን ገፋ አደረገው።

አማቱ አላዩትም። በተነጠፈ አልጋቸው ላይ፣ ከታሰረው ሻንጣቸው ጎን ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው፣ ስክሪን ያላትን ትንሽ የቪዲዮ ጌም መጫወቻ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። አጨባበጣቸው የመሪ አጨባበጥ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበሩና በዚህ ከተማ እጁ ከመሪው ላይ ዝንፍ ብሎ በእሳቸው ያልወደቀ ሰው ካለ እግረኛ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀንዳም ግዙፍ ሰው በሕንፃ ጣሪያ ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ከራሱ በላይ «ምታ! ምታ!» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። የአማቱ ጀግና፣ ብርማ ልብስ የለበሰችው ሴት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቆማ ትጠብቃለች። ሰውዬው እስኪነሣ ነው የምትጠብቀው። ተነሣ። ያኔ አገጩ ሥር አንዴ አቀመሰችውና እንደ ጆንያ ወደቀ።

«ምን ፈለጉ?» አሉ አማቱ ቀና ሳይሉ። ድሮ አንተ ነበር የሚሉት፤ ከተጣሉ ወዲህ አንቱ ሆኗል። ክብር እንዳይመስላችሁ፤ የበር መቀርቀሪያ ነው።

«ዕቃው የእኔ ነው፣ እማማ።»

«የእርስዎ ከሆነ አምፖል ማስቀመጫው መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራል?»

እውነታቸውን ነው፤ እሱ ነው እዚያ የጣለው። መጫወቻዋን የሰጠው የሚሠራበት ጋዜጣ ነው፤ «የጣሪያ ላይ ኃያላን» የተባለውን የጀግኖች ግጥሚያ ገምግሞ ጥንካሬውንና ጉድለቱን እንዲጽፍ። ዋጋዋ የደህና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ዋጋ ግማሽ ይሆናል፤ በዚያ ዋጋ አዋቂ ሰው ካባ ለባሽ ሲያደባድብ መዋሉ የሥልጣኔ ውድቀት ምልክት ነው ብሎ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ዕቃውን ከካርቶኑ ሳያወጣ ነበር። ባልደረቦቹ «እሬቱ» ይሉታል። በጋዜጣው የመጻሕፍት ገጽ ላይ ለብዙ ዓመት ነግሦ፣ ደራሲ ሲያለቅስ እያየ ሻይ የሚጠጣ ሰው ነበር። ከዚያ ዙፋን ያወረደው አንድ ልቦለድ ነው። «ጀግናዋ ከመጽሐፉ ዳር እስከ ዳር እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ በድን ናት» ብሎ ጻፈ። ጀግናዋ ግን ስድሳኛው ገጽ ላይ የባሏን ፋብሪካ ታቃጥላለች። ደራሲው ጋዜጣውን አጣጥፎ እስከ ቤቱ መጣ፤ እሱ አልነበረም፤ አማቱ አስገቡት፤ ሻይ ሰጡት። «ለመሆኑ ጨርሶ አንብቦታል?» ብሎ ሲጠይቃቸውም ዓይናቸውን ሳያሹ መለሱ፤ «ከአርባኛው ገጽ ወዲያ መጽሐፉ እኔ ጋ ነው ያለው። እሳቱ ላይ ስደርስማ እንቅልፍ አጣሁ።» በነጋታው ደራሲው ዋና አዘጋጁ ቢሮ ነበር። በሳምንቱ እሬቱ ከመጻሕፍት ገጽ ተነሥቶ በመዝናኛ ዕቃዎች ገጽ ላይ ተመደበ፤ የመጨረሻው ዕድልህ ነው ተብሎ፣ ከዚህ በኋላ ያልጨረስከውን አትገመግምም ተብሎ።

እሱ ግን አሁንም ጥፋቱ አልገባውም። ሾርባው ጨው እንደበዛበት ለማወቅ ድስቱን መላስ አለብኝ እንዴ ይላል። ጥፋቱ ሁሉ የአማቱ አፍ ነው። አማቱም ይህን ሰምተው፣ ውሸታም ካልሆንኩ የማይመቸው ሰው ቤት ምን እሠራለሁ ብለው፣ ወንድ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ተሰናድተዋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በመኪናው መጥቶ ይወስዳቸዋል። ሚስቱ ወደ መድኃኒት ቤት ሥራዋ ስትወጣ በሩን ይዛ ሁለቱንም በየተራ አይታ፣ «እኔ እስክመጣ እንኳ አትገዳደሉ» ብላ ነው የሄደችው። ጽሑፉም ዛሬ ማታ ለኅትመት ይገባል።

መጫወቻዋን ተቀብሎ ወደ ሳሎን ወጣ። መብረቅ የተባለውን ጀግና መረጠ፤ ትከሻው ሰፊ፣ ካባው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚወርድ፣ ፊቱ ያልገባው ነገር ያለ የሚመስል ጎረምሳ ነው። በመጀመሪያው ጣሪያ ላይ በቀንዳሙ ተመታ፤ ወደቀ፤ ወድቆ ሳለ እንደገና ተመታ፤ ሊነሣ ሲል ተረገጠ። እንደገና ጀመረ። እንደገና ተረገጠ። ስድቡን ሁሉ አወጣ። የሚያበሳጨው መሸነፉ አልነበረም፤ ጨዋታው ጥሩ መሆኑ ነው። ቡጢው ሲያርፍ መጫወቻዋ እጅ ውስጥ ድንግጥ ትላለች፤ እስከ ክርን ይሰማል። ከተደባዳቢዎቹ በስተ ጀርባ የጣሪያው ሥዕል ጨዋ ሰው የሠራው ነው፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ በነፋስ ይገላበጣል፤ አንዲት ሴትዮ ድብድቡ ውስጥ ሳትገባ፣ ቀና ብላም ሳታይ፣ አንሶላዋን ታወርዳለች። ይህችን ሴትዮ ለመሳል የደከመ ሰው አለ። እሬቱ ይህን ሲያይ ልቡ ለማድነቅ ዳዳውና በራሱ ተናደደ። በመስኮቱ መስታወት ነጸብራቅ አማቱ ከበራቸው ሆነው ሲመለከቱት አየ። አንገታቸውን የሚነቀንቁት ተፈታኝ መኪና አጥር ላይ ሲያወጣባቸው ይነቀንቁት እንደነበረው ነው።

በዚህ መሀል ዋና አዘጋጁ ደወለ።

«ጨረስክ?»

«ጽሑፉ አልቋል።»

«ጽሑፉን አላልኩህም። ጨዋታውን ጨረስክ ወይ? መጨረሻው ላይ ማን ነው ያለው? እንዴት ነው የሚያልቀው?»

«ጀግናው ያሸንፋላ! ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

ከወዲያኛው ጫፍ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «ስማኝ ወንድሜ፣ ማታ እደውላለሁ። መጨረሻውን ካላወቅክ ገጹን ለኮከብ ቆጣሪው ነው የምሰጠው። እሱ ቢያንስ የሁሉንም ነገር መጨረሻ አውቃለሁ ነው የሚለው።»

ስልኩን አስቀመጠ። ኮከብ ቆጣሪው በየሳምንቱ በጋዜጣው ላይ ለአንዱ ኮከብ ያልተጠበቀ እንግዳ፣ ለሌላው የጉልበት ሕመም የሚያከፋፍል፣ ሦስት ቅጽል በተርታ ካልደረደረ መተንፈስ የሚያቅተው ሰው ነው። ለእሱ ገጽ መስጠት ለፍየል ቅጠል እንደ መስጠት ነው። ተነሥቶ ወደ አማቱ በር ሄደ። አፉ ውስጥ ያለው «እባክዎ» የሚለው ቃል ትንሽ ነበር፤ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠቀምበት ስላልኖረ ዝጓል።

«እማማ፣ እስከ የት ደርሰዋል?»

«የት ላይ?»

«እዚህ ጨዋታ ላይ ነዋ።»

«እስከ መጨረሻው በር። ከዚያ ወዲያ ብቻዬን አያስገባኝም። ሁለተኛ ሰው ይምጣ ይላል።» ሻንጣቸውን በዓይናቸው አመለከቱት። «ከማን ጋር ልግባ? ከሱ ጋር?»

ይኸው ነው የጨዋታው ትልቁ ጉድለት፤ ወይም ሠሪዎቹ ራሳቸው እንደሚሉት ትልቁ ጥንካሬው። ጌታ ዝገት ወደሚባለው የመጨረሻ ጠላት የሚያደርሰው በር የሚከፈተው ለሁለት ተጫዋች ብቻ ነው፤ ያውም ሁለቱም አንዷን መጫወቻ አብረው ይዘው፣ አንዱ የግራውን፣ አንዱ የቀኙን ቁልፎች እየተጫኑ። ይህን ያሰበ ሰው ወይ ቤተሰብ የለውም፣ ወይ ቤተሰቡ ፍጹም ነው። እኅትና ወንድም በውርስ ሲጣሉ፣ ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ ሲተኙ አላየም። የሻይ ሳህን የምታህል ዕቃ ለሁለት ለመያዝ ትከሻ ለትከሻ መግጠም፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት መደገፍ የግድ ነው። የተኳረፈ ሰው ሊጨርሰው የማይችለው ጨዋታ ነው።

አማቱ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ወልውለው አጠለቁ። «አንድ ነገር ብቻ» አሉ። «የወደቀ አንመታም።»

«ጨዋታው ምታ ይላልኮ።»

«ይበል። መንገድ ላይ የሚጽፉት ሁሉ ሕግ ነው እንዴ?»

ሶፋው ለሁለት ሰው ተብሎ የተሸጠ ቢሆንም የሚበቃው ለአንድ ሰውና ለአንድ ትራስ ነው። ተጠጋግተው ተቀመጡ። የአማቱ የወገብ ቅባት ሽታ አፍንጫውን ሰነጠቀው፤ እሳቸውም ምን እንደሸተታቸው ፊታቸው ተናገረ። በሩ ተከፈተና ጌታ ዝገት ከጣሪያው ጫፍ ላይ ብቅ አለ፤ ከአሮጌ የውኃ ጋን፣ ከቧንቧና ከተሰበረ አጥር የተሠራ ነው። ከመደባደቡ በፊትም ንግግር አለው። «ይህችን ከተማ ቀስ ብዬ፣ ዝም ብዬ፣ ሳትሰሙኝ እበላታለሁ!» እያለ ይቀጥላል። ማቋረጫ ቁልፍ የለውም። በተሸነፉ ቁጥር ንግግሩን ከሀ ብለው መስማት አለባቸው፤ ተሸነፉም። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ እሬቱ አላስችል ብሎት፣ «ቀስ ብዬ ካለ ዝም ብዬ ምን ይሠራለታል? ትርፍ ቃል ነው» አለ። የአማቱ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው። ሳቁን ዋጥ አድርገው፣ «መሪህን ያዝ» አሉት። አንተ ማለታቸውን እሳቸውም አላስተዋሉትም።

ቀጥሎ ባለው ዙር ጌታ ዝገት ወደቀ። ቀዩ ጽሑፍ በራሱ ላይ በራ። አማቱ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ አሉ። የእሬቱ አውራ ጣት ግን እንጃ፣ ለብዙ ዓመት ያደገበትን ነገር አደረገ። መብረቅ ዘሎ የተዘረረውን ሰውዬ ደረቱ ላይ ረገጠው፤ ደገመው፤ ሠለሰው።

አማቱ መጫወቻዋን ከእጁ ነጠቁ። «ውል አፍራሽ!»

«ጠላት ነው እኮ! ከቧንቧ የተሠራ ነው!»

«ከምንም ይሠራ። ወድቋል።»

«እኔ ስወድቅ ማን አዘነልኝ? ለዚያ ሰውዬ ቤቴ ውስጥ፣ በእኔ ሲኒ ሻይ እያጠጡ ነገሩት!»

ይህ ቃል ስንት ጊዜ በሚስቱ በኩል ተልኮ ነበር፤ ግን ሚስቱ በመንገድ ላይ እያለዘበች ነው የምታደርሰው። አማቱ ስድቡን ከነጥርሱ ሲቀበሉ የመጀመሪያቸው ነው። «ጠየቀኝ» አሉ። «ሰው ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ። አንተን ብሎ የመጣን ሰው ደጅ ላይ ላቆመው ኖሯል? ሻዩ ግማሹ ሳህኑ ላይ ነው የፈሰሰው። ስምህን አልሰደበም። አንብቦታል ወይ ብቻ ነው ያለኝ።» ከዚያ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ፋብሪካውን እስከምታቃጥለው ድረስ ብትጠብቃት ምን ነበር? ሃያ ገጽ ነው የቀረህ።»

እሬቱ ለሁሉም ነገር መልስ ያለው ሰው ነው፤ ለዚህም ሳይኖረው አይቀርም፤ ግን ጊዜው እየሄደ ነበር። «ይስጡኝ፣ አልረግጥም» አለ።

እንደገና ንግግሩን ሰሙ። እንደገና ገጠሙ። ጌታ ዝገት ሲወድቅ ሁለቱም ቆመው ጠበቁት፤ እሱ ግን ለውለታ ደንታ የለውም፤ ተነሥቶ በጋኑ ጠፈጠፋቸው። ሰዓቱ አልቆ፣ «ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል» የሚል ጽሑፍ መጣ። በደግነት የሚሸነፉበት ጨዋታ ምን ይባላል ብሎ እሬቱ ሊያገሣ ሲል አማቱ፣ «ቆይ፣ ቆይ» አሉ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «ጣሪያ አይደል? ጫፍ አለው። ቆሞ እያለ እንግፋው። ወደ ኋላ ሲነዳ ደግሞ መስታወት የለውም።»

ገፉት። አማቱ ከግራ፣ እሬቱ ከቀኝ፣ ከውኃ ጋኑ ወደ ልብስ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ጠርዙ። ጌታ ዝገት አንዴ ዞሮ ሲያጓራ መብረቅ አፈገፈገና የራሱን ካባ ረገጠ። ረግጦም በአፍጢሙ ተደፋ፤ ሊነሣም አልቻለም፤ ሕይወቱን የሚያሳየው መስመር ባዶ ሆነ። «ካባው! ካባው ነው የጣለኝ!» እያለ እሬቱ ሲጮኽ አማቱ ምላሳቸውን ነክሰው፣ ሁለቱንም ቁልፍ በአንድ ላይ ደፍነው፣ በብርማዋ ሴት ትከሻ አንዴ ገጩት። ጌታ ዝገት እንደቆመ፣ ቧንቧዎቹ እየተንቋቁ፣ ከጣሪያው ቁልቁል ሄደ። አንሶላ የምታወርደው ሴትዮ ያኔ ብቻ ቀና ብላ አየች። ከዚያ ጥቁር ሆነና ጽሑፍ መጣ፤ «እናመሰግናለን። እንደገና ይጫወታሉ?» በቃ። ሌላ ምንም የለም።

«ለዚህ ነው?» አለ እሬቱ። «ለዚህ ነው ወገቤ የተቆረጠው?» አማቱ ግን ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ተደግፈው፣ እጃቸውን እያፍታቱ፣ የሰው ሠርግ ላይ እንደጨፈረ ሰው ይስቁ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጻፈ። ቡጢው ክብደት እንዳለው ጻፈ። ስለ ሴትዮዋና ስለ አንሶላዋ ጻፈ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ውብ» የሚለውን ቃል ያለ ፌዝ ተጠቀመ፤ ሰረዘው፤ መለሰው። ጉድለቱንም አልማረም፤ የማይቋረጠውን ንግግር፣ እንደ ጉንዳን የደቀቁትን ፊደላት፣ ሴት ጀግኖቹ ሁሉ አንድ ፊት መሆናቸውን፣ የወደቀ ሰው እንዲመታ የሚያዘውን ቀይ ጽሑፍ። ጽሑፉን ሲልክ ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። የአማቱ ልጅ ነው፤ ሊፍቱ ስለተበላሸ እናቱ እስኪወርዱለት ይጠብቃል። አማቱ ካፖርታቸውን ለበሱ። በዚያው ቅጽበት ዋና አዘጋጁ ደወለ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«አንተ ሰው፣ አትማርም? ጌታ ዝገት ከጣሪያ ተገፍቶ ወደቀ ብለህ ጻፍክ? የስፖርት ገጹ ሰውዬ ከግቢው ጥበቃ ጋር ሆኖ ጨርሶታል። መሬት ላይ እንዳለ ሲመታ ነው የሚሞተው። ከጣሪያ የሚወድቅ የለም! አሁንም ሳትጨርስ ነው የጻፍከው!»

ዕድሜውን ሙሉ ሳይጨርስ ሲጽፍ ያመኑት ሰዎች የጨረሰ ዕለት ውሸታም አሉት። ማን ይመስክርለት? ዞር አለ። ምስክሩ ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከዚህ በፊትም አንዴ መስክረውበታል። ጥሩምባው ደገመ።

«አማቴ አብረውኝ ነበሩ» አለ። «ይጠይቋቸው… ጠይቃቸው።» ስልኩን ሰጣቸው።

አማቱ ሻንጣውን ሳያስቀምጡ ተቀበሉ። «አቤት… አዎ፣ ነኝ… እሱ? አይ፣ አልጨረሰም።»

እሬቱ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ቀድሞ ሞቷል። የራሱን ካባ ረግጦ ነው የተደፋው። ሰውዬውን የገፋሁት እኔ ነኝ፤ ከጣሪያው፣ ቆሞ እያለ። ለስፖርቱ ሰውዬ ይንገሩልኝ፣ ወድቆ የተረገጠ ሰውማ ምን ጊዜም ይሞታል፤ ያ ችሎታ አይደለም። አማቼ ግን አጠገቤ ነበር፤ እስከ መጨረሻው አይቷል። ሳያቋርጥ እየተሳደበ አይቷል።» አዳመጡ። «እሺ። እነግረዋለሁ።» ስልኩን መለሱለት። «ያልኩትን እንዳልኩት ጻፍ ይልሃል። አንተ እንደወደቅህ፣ እኔ እንደጨረስኩት። አለዚያ ገጹ የኮከቡ ሰውዬ ነው።»

«አማቴ ጨረሰችልኝ ብዬ? በጋዜጣ?»

«ጨረሱልኝ በል።»

እንደገና ተቀመጠ። የኮምፒውተሩ ቁልፎች ሲመቱ የነበረው ድምፅ ጥርስ እንደመንቀል ያለ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ «ይህ ጸሐፊ ከመጨረሻው በፊት ወድቋል፤ ፍጻሜውን ያደረሱት አማቱ ናቸው።» አራት ነጥቡን መታ። በሩ ተንኳኳና የአማቱ ልጅ እያለከለከ ገባ፤ በደረጃው ተናዷል።

«እማዬ፣ ጆሮሽ አይሰማም እንዴ? መኪናውን የሰው በር ላይ ነው ያቆምኩት! ሻንጣው የታለ?»

አማቱ ሻንጣውን መሬት ላይ አስተኝተው እግራቸውን ሰቀሉበት። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሰው ነበር። «ተቀመጥ» አሉት ልጃቸውን። «እሱ ሲጨርስ እሄዳለሁ።»

«መቼ ነው የሚጨርሰው?»

«እኔ ምን አውቄ። ጨርሶ አያውቅም።»

እሬቱ ቀና አላለም። አሁን የመታውን አራት ነጥብ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ሰረዘውና አዲስ አንቀጽ ጀመረ። ስለ ካባው ገና ምንም አልተባለም ነበር፤ ስለ ካባው ደግሞ ብዙ፣ እጅግ ብዙ የሚባል ነገር አለ።